የፊልም ስንቅ፦ የፎቶግራፍ ዕቃ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የተጓዘበት ታሪክ

ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደፊት የሚሠሩበትን ፊልም አስቀድመው እየገዙ ማከማቸታቸው በአብዛኛው የሚነገረው፣ ከ2000 ወዲህ ታላላቅ ፋብሪካዎች ምርታቸውን እያቋረጡ ከመጡበት ጊዜ ጋር ተያይዞ ነው። ልማዱ ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ሲሆን፣ መነሻውም የፋብሪካ መዘጋት ሳይሆን የመንገድ ርቀት ነበር። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገሮች ይህን ታሪክ ለመከታተል የሚመቹ ናቸው። ከፍታው ከ4100 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ እየወረዱ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቁት እነዚህ ወረዳዎች ለረጅም ዘመን ከእግርና ከበቅሎ በቀር ሌላ መጓጓዣ ስላልነበራቸው፣ ወደዚያ የሄደ ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የሚያነሣበትን ነገር በሙሉ እንደ ስንቁ ቋጥሮ ከመሄድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ ውስጥ ፎቶግራፍ በማንሣት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ፣ ወንጌልን ለቤተ እስራኤል ለማስተማር በ1859 እና በ1860 በጎንደርና በአካባቢው የተዘዋወረው ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ ነው። በዘመኑ በብዛት ይሠራበት የነበረው ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባላል፤ ይህም እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ አንሺው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ኮሎዲዮን የተባለውን አጣባቂ ፈሳሽ ካፈሰሰ በኋላ ሰሌዳውን ብርሃን የሚቀበል የብር ጨው እንዲፈጠርበት በብር ናይትሬት ውስጥ ነክሮ፣ ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ አስገብቶ ያነሣበትና ወዲያውኑ በጨለማ ውስጥ ያጥበው ነበር። ሰሌዳው ከደረቀ ስለማይሠራ የተዘጋጀ ሰሌዳ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን አንሺ ሊያከማች ይችል የነበረው ባዶ መስታወት፣ መድኃኒትና ውሃ መያዣ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ጓዝ በበቅሎ ተጭኖ ገደል ሲወርድና ሲወጣ መስታወቱ በመንገድ እንዳይሰበር የሚደረገው ጥንቃቄ ከማንሣቱ ሥራ የሚተናነስ አልነበረም።

ስምንት ዓመት ሳይሞላ ይኸው አገር ከባድ ጓዝ የተጎተተበት ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን፣ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን የነበረውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ አቀኑ፤ መንገዱን በየቦታው እያስጠረጉ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግረው መቅደላ የደረሱት ስድስት ወር ከሚጠጋ ጉዞ በኋላ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ይመጣ የነበረው የጄኔራል ናፒየር ጦር ደግሞ፣ በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመሩ የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ዋና ተግባር በየዕለቱ የሚሣሉትን ካርታዎችና ንድፎች ለመኮንኖች አባዝቶ ማደል ስለነበር፣ በዘመቻው ጊዜ 15000 ያህል ሕትመት እንዳወጡ ይነገራል። ለዚህ የሚሆነው መስታወት፣ ወረቀትና መድኃኒት ሁሉ ከአገራቸው ተሰልቶ በመርከብ ከተጫነ በኋላ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ በጭነት እንስሳት የተጓጓዘ ነው፤ በአገሪቱ ውስጥ ቢያልቅ የሚገዛበት አንድም ቦታ አልነበረምና። ይህን የሚያህል ዝግጅት መቅደላ ቢደርስም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት ክረምት በዋይት ደሴት በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀርቧል። የሰባት ዓመቱ ሕፃን ፊት ላይ የሚታየው ኀዘን ዛሬም ተመልካችን ያስተክዛል።

ከመቅደላ በኋላ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ ተለወጠ። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 የብር ጨው በጄላቲን ውስጥ ተይዞ በመስታወት ላይ ሊደርቅ እንደሚችል ካሳየ ወዲህ፣ ደረቅ ሰሌዳ በፋብሪካ ተሠርቶ በሳጥን ይሸጥ ጀመር፤ ለብርሃን የተዘጋጀን ነገር ገዝቶ ለወራት ማስቀመጥ፣ ማለትም ዛሬ ፊልም ማከማቸት የሚባለው ነገር፣ የተቻለው ያን ጊዜ ነው። ይሁንና የተከማቸ ሰሌዳ ብቻውን ፎቶግራፍ እንደማይሆን ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር በተግባር አይቶታል። በንግድ ወኪልነት ተቀምጦ ሳለ ካሜራና መድኃኒት ከሊዮን እንዲላክለት አዝዞ፣ ዕቃው በስሕተት እስከ ሞሪሸስ ደሴት ሄዶ ተመልሶ በ1883 ከደረሰለት በኋላ፣ ያተማቸው ፎቶግራፎች ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እየነጡ መምጣታቸውን በግንቦት ወር ለቤተሰቡ ጽፏል። ጨዋማ ወይም ደለላማ ውሃ የብሩን ምስል እንደሚያበላሽ የሚያውቅ ሰው፣ በጋይንት ደጋ ከምንጭ የሚቀዳው ቀዝቃዛ ውሃ ለፎቶግራፍ አንሺ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይረዳል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ክብደትን የሚመለከት ነበር። ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ በ1888 ለገበያ አቅርቦ፣ በዓመቱ መስታወቱን በሴሉሎይድ፣ ማለትም ከጥጥ በሚሠራ ግልጽና ተጣጣፊ ነገር በመተካቱ፣ በብዙ በቅሎዎች ይጫን የነበረው የሰሌዳ ሸክም በአንድ ከረጢት የሚያዝ ሆነ። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና በኋላም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ዕቃቸውን በባሕርና በሐዲድ ማስመጣት ቻሉ። ሆኖም ያ የመጀመሪያ ፊልም ናይትሬት ከተባለ ተቀጣጣይ ነገር የተሠራ ስለነበር፣ ብዙ ጥቅል በአንድ ቦታ ማከማቸት እሳት እንደማከማቸት ያህል አደገኛ ነበር፤ ከጊዜ ብዛትም እየተሰባበረና አሲድ እያወጣ ራሱን ይበላ ነበር። የማይቀጣጠለው አሴቴት እየተስፋፋ ሄዶ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ናይትሬትን ፈጽሞ ተካው።

በዚህ መሀል ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን፣ ዓባይን ከጣና መውጫ እስከ ሱዳን ድንበር በየክፍሉ ተከትሎ እያጠና የእስቴንና የስማዳን ደቡባዊ ድንበር የሚያካልለውን ሸለቆ በካርታና በፎቶግራፍ ለዓለም አስተዋወቀ፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ከሸለቆው አፋፍ እስከ ወንዙ ሲወርዱ ከደጋ ውርጭ ወደ ቆላ ሐሩር የሚገባ ሰው፣ ፊልሙን በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት የአየር ጠባይ ያሳልፈዋል። ሙቀት በፊልም ውስጥ ያለውን የብር ጨው ብርሃን ሳይነካው ቀስ በቀስ ስለሚያጠቁረው፣ ታጥቦ ሲወጣ በምስሉ ላይ ግራጫ ጭጋግ ይታይበታል፤ እርጥበት ሲጨመር ደግሞ ጄላቲኑ ሻጋታ ያወጣል። ኮዳክ ለሞቃት አገሮች የሚሆነውን ፊልም አየር በማያስገባ ቆርቆሮ አሽጎ ይሸጥ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮም በ1932 በጎንደር ወራትን አሳልፎ፣ በጉዞው ሁሉ 6000 ያህል ፎቶግራፍ ይዞ ተመልሷል፤ ተልእኮው አብሮ የወሰዳቸው የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት ግን ከፎቶግራፍ የተለየ ነገር ናቸው፤ ፎቶግራፍ የተነሣ ሥዕል በግድግዳው ላይ ይቀራል፣ የተላጠ ሥዕል ግን አይቀርም።

ጋይንት ራሷ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ በስም የገባችው በ1955 ነው። ከኦክስፎርድ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ወጣቱ ቶማስ ፓክንሃም፣ የነገሥታት ልጆች ታስረውባቸው የነበሩትን አምባዎች ሲፈልግ በታች ጋይንት ከምትገኘው ከቤተልሔም ደረሰ። ቤተልሔም በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ማስተዋወቅ የማያስፈልጋት ናት፤ የድጓ፣ ማለትም ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው የዓመቱ በዓላት የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ እርሷ በመሆኗ፣ ከየአገሩ ድጓን ተምሮ የመጣ ደቀ መዝሙር መምህር ለመባል የሚመሰክረው በዚያ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለው የዜማ ትምህርት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚያው በጋይንት አገር ይገኛል። ስለዚህ ፓክንሃም ቤተልሔምን አገኘ የሚለው የውጭ ጸሐፊዎች አነጋገር መታረም ይኖርበታል። እርሱ ለውጭው ዓለም የገለጠው፣ ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን በሚመስለው ሕንፃ ውስጥ፣ በድንጋይና በእንጨት በአክሱም ሥልት የታነጸ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ መኖሩን ነው። ይህንንም በ1959 ባሳተመው የራሴላስ ተራሮች በተሰኘው መጽሐፉ ጽፎታል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ቦታ ማንሣት ምን ይጠይቅ እንደነበር ከቤተ ክርስቲያኑ አሠራር መረዳት ይቻላል። የውስጡ ሕንፃ በውጭው ግድግዳና በሣር ክዳኑ ስለተከበበ፣ ወደ ጥንታዊው ግንብ የሚደርሰው ብርሃን በበሮች የሚገባው ብቻ ነው። ከ1935 ጀምሮ ይሸጥ የነበረው ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ፊልም ደግሞ በ1955 ለብርሃን የነበረው ስሜት 10 አሳ ብቻ ነበር፤ አሳ ፊልም ምን ያህል ፈጥኖ ብርሃን እንደሚቀበል የሚለካበት የአሜሪካ መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1954 ለትናንሽ ካሜራዎች የቀረበው ጥቁርና ነጩ ትራይ ኤክስ ፈጣን ቢሆንም ቀለም አይሰጥም። ስለዚህ አንሺው ሁለቱንም ዓይነት ፊልም፣ ከዚያም በላይ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ በርቶ የሚቃጠለውን የፍላሽ አምፖል በካርቶን ይዞ መምጣት ነበረበት። ኮዳክሮም በግለሰብ ጨለማ ክፍል ሊታጠብ የማይችል፣ ወደ ልዩ ማጠቢያ ቤት የሚላክ ፊልም በመሆኑ፣ የተነሣበት ጥቅል በበቅሎ ወጥቶ በፖስታ ባሕር ተሻግሮ እስኪታጠብ ድረስ ምስሉ ይኑር ይጥፋ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር፤ ብርሃን ያረፈበት ፊልም ደግሞ ሳይታጠብ በቆየ ቁጥር ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ካልተነሣበት ፊልም ይልቅ የተነሣበት ፊልም ጥበቃ የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ በተሻለ የተረዱት የብራና መጻሕፍትን ለማዳን የተነሡት ምሁራን ነበሩ። ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እና 1969 በጣና ደሴቶች የሚገኙትን መጻሕፍት ካነሣ በኋላ፣ በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በባህል ሚኒስቴርና በአሜሪካ በሚገኙት በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ድርጅት ተቋቋመ። ማይክሮፊልም ገጾች እጅግ አንሰው በጥቅል ፊልም ላይ የሚነሡበትና በማጉያ መሣሪያ የሚነበቡበት ዘዴ ነው። ድርጅቱ አብዮቱም ጦርነቱም ሳያቆመው ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አነሣ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከ1976 ጀምሮ በሚኒሶታ ሆነው የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን አሳለፉ። አብዛኛው ሥራ የተካሄደው በአዲስ አበባና በሸዋ ስለነበር ግን፣ የጋይንትና የእስቴ ገዳማት ዕቃ ቤቶች ከዚህ በረከት ብዙ አልተካፈሉም። ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ድጓ የሚመሰከርበት አገር የራሱን መጻሕፍት ቅጂ በፊልም ሊያገኝ የሚችልበት አጋጣሚ ሌላ አልነበረምና።

በዚያው አሥር ዓመት ፎቶግራፍ ከሊቃውንትና ከተጓዦች እጅ ወጥቶ የገጠር ከተማ ሰው ጉዳይ ሆነ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ መታወቂያ ለማውጣት፣ ለፈተና ለመመዝገብና ለሥራ ለመቀጠር ጉርድ ፎቶግራፍ ስለሚጠየቅ፣ ፎቶ ቤት ለወረዳ ከተማ እንደ ወፍጮ ቤት አስፈላጊ ነገር እየሆነ መጣ። የፎቶ ቤት ባለቤት 36 ምስል የሚይዘውን ፊልም በአንድ ደንበኛ ምክንያት አውጥቶ አያጥብም ነበር፤ ጥቅሉ እስኪያልቅ ይጠብቅ፣ ደንበኛውም ለቀጣዩ ገበያ ቀን ይቀጠር ነበር። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ታጥቦ ሲደርቅ፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩም ጥቁር ሆኖ የሚታይበት ነጋቲቭ ተቆራርጦ በፖስታ ይቀመጥ ነበር፤ ሰውየው ሌላ ጊዜ ቅጂ ሲፈልግ ከዚያው ይታተምለት ነበር። የቻይና መሐንዲሶች በ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያጠናቀቁት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን ሲያገናኝ የፊልምና የወረቀት መምጫው ከበቅሎ ወደ መኪና ተዛወረ፤ ስማዳና እስቴ ግን ከዋናው ጎዳና ርቀው ቀሩ። የውጭ ምንዛሪ በመንግሥት ፈቃድ ብቻ በሚገኝበት ዘመን፣ በጥር 1980 የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ 50 ዶላር በአውንስ ሲያሻቅብ የፊልምም ዋጋ አብሮ ስለናረ፣ ዕቃ በእጁ ያለው ሰው የሚቆጥበው ወድዶ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ መላው ዓለም የገጠሩ ፎቶግራፍ አንሺ የኖረበትን ሁኔታ የቀመሰበት ነው። የዓለም የፊልም ሽያጭ በ2000 አካባቢ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ዲጂታል ካሜራ በፍጥነት ገበያውን ወሰደው፤ የጀርመኑ አግፋ ፎቶ በ2005 ከሰረ፣ ፖላሮይድ በ2008 ወዲያው ምስል የሚያወጣውን ፊልሙን እንደሚያቆም አስታወቀ፣ ኮዳክም ሰኔ 22 ቀን 2009 ኮዳክሮም ማምረት ማብቃቱን ገለጸ። በዓለም የቀረው የኮዳክሮም ማጠቢያ፣ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ ከተማ የሚገኘው ድዌይንስ ፎቶ፣ በታኅሣሥ 2010 መጨረሻ ፊልም መቀበል ሲያቆም፣ በየቤቱ ተከማችቶ የነበረ ጥቅል ሁሉ ቀለም የማይሰጥ ሆነ። ይህ ለሚያከማቹ ሰዎች ከባድ ትምህርት ነበር፤ ፊልሙን ለሃያ ዓመት ጠብቀው ቢያቆዩም ማጠቢያው ከጠፋ ሁሉም ከንቱ ነውና። ጥቁርና ነጭ ፊልም በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ መድኃኒቱን ማንም የኬሚስትሪ ዕውቀት ያለው ሰው አዋሕዶ ሊያዘጋጀው ይችላል።

የማከማቸቱ ጥበብ የዳበረው በዚያን ጊዜ ነው። ፊልም ለጥቂት ወራት ከሆነ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ለዓመታት ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ በመጀመሪያ ማሸጊያው እንደታሸገ ይቀመጣል፤ ሲወጣም ጤዛ እንዳይዝበት የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ለሰዓታት ሳይከፈት ይቆያል። ፈጣን ፊልም ከዝግተኛው ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ከምድርና ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር ቅዝቃዜ አይከለክለውምና። የፖላሮይድ ዓይነት ፊልም ደግሞ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ስለሚበላሽ ከዜሮ በታች መቀዝቀዝ የለበትም። 50 በ60 ሴንቲሜትር የሚያህለውን ግዙፍ የፖላሮይድ ካሜራ ሲጠቀም የነበረው የኒው ዮርክ ስቱዲዮ የቀረውን ፊልም በሙሉ ገዝቶ ለዓመታት ከሠራበት በኋላ፣ መድኃኒቱ እያረጀ በመምጣቱ ሥራው እየመነመነ ሄደ፤ በቦስተን አካባቢ በዚሁ ዓይነት ካሜራ የሰዎችን ምስል ታነሣ የነበረችው ኤልሳ ዶርፍማንም በዚሁ ሰበብ ሥራዋን አቆመች።

ለጋይንት ጎረቤት ከሆነው ከላስታ ጋር የሚያያዝ ሌላ ታሪክ በ2008 ተፈጽሟል። ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ በ1984 የሳህልን ረሃብ በፊልም ካነሡት አንዱ ሲሆን፣ ዘፍጥረት ለተባለው ታላቅ ሥራው ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ከ800 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በእግሩ ተጓዘ። በዚያው ዓመት ፊልምን ትቶ ወደ ዲጂታል የተሻገረው የፊልም ፍቅሩ ስለጠፋ አልነበረም፤ ከ2001 በኋላ በየአውሮፕላን ጣቢያው የጠበቀው የኤክስሬይ ፍተሻ የያዘውን ፊልም ደጋግሞ እየመታ ስለሚያበላሽበት ነው። ዲጂታል ምስሎቹን ግን መልሶ በፊልም ነጋቲቭ ላይ እያስገለበጠ ያስቀምጥ ነበር፤ ለማንሣት የማይመቸውን ፊልም ለማቆየት መረጠው ማለት ነው።

ኮዳክ በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ በኋላ ብዙዎች ፊልም ፈጽሞ እንደሚጠፋ ቢገምቱም፣ ነገሩ እንደተፈራው አልሆነም፤ ኤክታክሮም በ2018፣ የፉጂው አክሮስ በ2019 ተመልሰው ወጡ፤ የእንግሊዙ ሃርማንም በ2023 መጨረሻ የራሱን የቀለም ፊልም ለገበያ አቀረበ። በኢትዮጵያ ወረዳ ከተሞች ግን ፊልም አልተመለሰም፤ ጉርድ ፎቶግራፍ በዲጂታል ካሜራ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይታተማል፣ ማጠቢያ ክፍሎቹም ለሌላ ሥራ ውለዋል። ስለዚህ ለዚህ አገር የቀረው ጉዳይ ያልተነሣበት ፊልም ሳይሆን፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በፎቶ ቤቶች ፖስታ ውስጥ የተጠራቀመው ነጋቲቭ ነው። በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች በሚኒሶታ እየተቃኙ ለአንባቢ በነፃ ሲቀርቡ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ፎቶ የተነሣው ገበሬ፣ ተማሪ፣ ሙሽራና ወታደር ያለበት ነጋቲቭ ተመሳሳይ ጥበቃ ይገባዋል። ከፍታው ከ3000 ሜትር የሚበልጠው የነፋስ መውጫ ቅዝቃዜ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ከዚያ ውጪ የሚያስፈልገው የጭስና የእርጥበት አለመኖር፣ ነጋቲቩ ከላስቲክ ይልቅ በወረቀት ፖስታ መቀመጡ፣ እንዲሁም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ በየፖስታው ላይ የተነሡትን ሰዎች ስምና ዓመተ ምሕረት መጻፉ ነው።